የሆድ ትልና የጓሯችን አፈር

(በሬዲዮ የተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር፤ ለአዲስ አንባቢዎች በጽሑፍ የቀረበ)

ይህን ትምህርት በሬዲዮ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። አሁን ደግሞ በራሳችሁ ዐይን ልታነቡት ነው። አትቸኩሉ። አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌላው ይስማ። ከዚያም ተለዋወጡ። የከበዳችሁ ቃል ቢኖር ትርጉሙ በመጨረሻ ላይ ተጽፏል።

ዛሬ የምንማረው ስለ ሆድ ትል ነው። ስለ ትልና ስለ ዐይነ ምድር ማውራት የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ። በገበታ ፊት አይወራም፤ እሱ ልክ ነው። ነገር ግን ጨርሶ ካልተወራ ልጆቻችን ዝም ብለው ይጎዳሉ። እንግዲህ ለዛሬ እፍረቱን ወደ ጎን እንተወውና በግልጽ እንነጋገር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በዓለም ላይ 1.5 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ከአፈር በሚመጡ የሆድ ትሎች ተይዘዋል። ይህ ማለት ከ5 ሰው አንዱ ያህል ነው። ስለዚህ ትል የያዘው ሰው ብቻውን አይደለም፤ የሚሰደብበትም ምክንያት የለም። በሀገራችንም እነዚህ ትሎች በብዙ ወረዳዎች ይገኛሉ። በተለይ ሙቀት፣ እርጥበትና ጥላ ባለበት አካባቢ አፈሩ ይመቻቸዋል። የጂማንና የሌሎች ቡና አብቃይ አካባቢዎችን አፈር አስቡ።

ሦስቱ ትሎች

ከአፈር የሚመጡት ዋና ዋናዎቹ የሆድ ትሎች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ወስፋት ነው። ስሙን የማያውቅ የለም። ስንራብ «ወስፋቴ ጮኸ» እንል የለም? ወስፋት ድብልብል፣ ነጣ ያለ፣ ረጅም ትል ነው። ሴቷ ከ20 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች። ይህ ከአንድ ስንዝር እስከ ስንዝር ተኩል ገደማ ነው። የምትኖረው በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው መንጠቆ ትል ይባላል። ርዝመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቁራጭ ክር ይመስላል። ትንሽ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት። የአንጀትን ግድግዳ ነክሶ ይይዝና ደም ይመጠምጣል።

ሦስተኛው ጅራፍ ትል ነው። 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በአንድ ወገን ወፍራም፣ በሌላው ወገን እንደ ጅራፍ ጫፍ ቀጭን ነው። የሚኖረው በወፍራሙ አንጀት ውስጥ ነው።

«የኮሶ ትልስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ኮሶ ሌላ ነው። ኮሶ የሚይዘን ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የከብት ሥጋ ስንበላ ነው። ታዲያ ከብቱ እንዴት ተያዘ? ሰው በተጸዳዳበት መስክ ላይ ሣር ስለጋጠ ነው። ስለዚህ የእሱም ነገር ዞሮ ዞሮ ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ጋር ይገናኛል።

እንቁላሉ የት ይሄዳል?

አሁን ሒሳብ እንሥራ። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 (ሁለት መቶ ሺህ) እንቁላል ትጥላለች። በአንድ ልጅ ሆድ ውስጥ 5 ሴት ወስፋቶች አሉ እንበል።

5 × 200,000 = 1,000,000

አንድ ሚሊዮን እንቁላል! ያውም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ልጅ። ልጁ ከአጥሩ ሥር ከተጸዳዳ ይህ ሁሉ እንቁላል የሚቀረው በጓሯችን ነው። እንቁላሉ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በዐይን አይታይም። ዐይነ ምድሩ ደርቆ ሲበታተን እኛ «ጠፋ» እንላለን። እንቁላሉ ግን አልጠፋም። ዝናብ ጠርጎ ወደ ማሳ ይወስደዋል። ዶሮ ጭራ ትበትነዋለች። በእግራችንና በከብት ኮቴ ተጣብቆ ወደ ቤት ይገባል። የወስፋት እንቁላል ቅርፊቱ ወፍራም ነው። ጥላና እርጥበት ያለው አፈር ካገኘ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አስምሩባቸው።

አንደኛ፤ ከሰው የወጣው እንቁላል ወዲያው ሰው አይይዝም። መጀመሪያ አፈር ውስጥ መብሰል አለበት። የወስፋትና የጅራፍ ትል እንቁላል አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያህል መቆየት ይኖርበታል።

ሁለተኛ፤ እነዚህ ሦስት ትሎች በሆድ ውስጥ አይራቡም። እንቁላላቸው ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ እዚያው ሆድ ውስጥ አይፈለፈልም። እንግዲህ በልጃችሁ ሆድ ውስጥ 20 ትሎች ካሉ፣ 20ዎቹም ከውጭ የገቡ ናቸው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ትሉ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው በድልድይ ነው። ድልድዩ አፈር ነው። ዐይነ ምድር አፈር ላይ ካልወደቀ ድልድዩ ተሰበረ ማለት ነው።

«ልጅ ጣፋጭ ሲያበዛ ሆዱ ትል ያፈራል» የሚሉ አሉ። ስኳር ጥርስ ያበላሻል፤ ትል ግን አይፈጥርም። ትል ከትል እንቁላል እንጂ ከስኳር አይወለድም።

ትሉ የሚገባባቸው ሁለት በሮች

አንዱ በር አፍ ነው። የወስፋትና የጅራፍ ትል እንቁላል የሚገባው በአፍ ነው። ልጅ አፈር ላይ ይጫወታል። ጥፍሩ ሥር አፈር ይይዛል። በዚያው እጁ ዳቦ ይቆርሳል። እናት ካሮት ከጓሮ ነቅላ አራገፍ አድርጋ ትሰጠዋለች። በዚህ ጊዜ እንቁላሉ አብሮ ይዋጣል። የወስፋት እንቁላል አንጀት ውስጥ ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል። እጩ በደም አድርጎ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ከሳንባ ወደ ጉሮሮ ይወጣና እንደገና ተውጦ ወደ አንጀት ይመለሳል። እዚያ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ድረስ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል።

ሌላው በር እግር ነው። ይህ የመንጠቆ ትል በር ነው። የመንጠቆ ትል እንቁላል አፈር ላይ በ1 ወይም በ2 ቀን ይፈለፈላል። እጩ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሰው ለመያዝ ይበቃል። ከዚያ በኋላ እርጥብ አፈር ላይ ሆኖ እግር ይጠብቃል። ባዶ እግር ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፤ እሾህም አያስፈልገውም። ደህናውን ቆዳ ይበሳል። የገባበት ቦታ ያሳክካል፤ ትንሽ ሽፍታም ያወጣል።

«ትል በእግር ገብቶ ሆድ ውስጥ ይገኛል? ይህማ ተረት ነው» የሚል ይኖራል። በአንድ ወቅት ሐኪሞችም አያምኑም ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890ዎቹ አርተር ሎስ የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ በግብፅ ካይሮ ከተማ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የመንጠቆ ትል እጭ ያለበት ውሃ እጁ ላይ ፈሰሰበት። ቦታው ቀላና አሳከከው። ከሳምንታት በኋላ የራሱን ዐይነ ምድር ሲመረምር የመንጠቆ ትል እንቁላል አገኘ። ትሉን አልበላውም፤ አልጠጣውም። በቆዳው ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተደጋግሞ ተረጋግጧል።

ትሉ ከእኛ ምን ይወስዳል?

አሁንም ሒሳብ እንሥራ። አንድ መንጠቆ ትል በቀን የሚያጠፋው ደም ከአንድ ጠብታ ያንሳል። 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። እንዲያውም ይህ የደካማው ዓይነት ነው፤ ከዚህ የበለጠ የሚጠጣም አለ። አንድ ሰው ሆድ ውስጥ 100 ቢሆኑስ?

100 × 0.03 = 3 ሚሊ ሊትር በአንድ ቀን
3 × 30 = 90 ሚሊ ሊትር በአንድ ወር

90 ሚሊ ሊትር ከአንድ የቡና ስኒ ሙሉ ይበልጣል። በየወሩ አንድ ስኒ ደም ከልጁ ሥር ቀድቶ የሚደፋ ወላጅ አለ? የለም። ትሉ ግን ይህን ያደርጋል፤ ያውም ድምፅ ሳያሰማ።

ደም ያነሰው ሰው ይደክማል። ትንሽ ዳገት ሲወጣ ይተነፍሳል፤ ልቡ ይመታል። መዳፉና የዐይኑ ቆብ ውስጡ ይገረጣል። አንዳንዱ አፈር ብላ ብላ ይለዋል። አፈር ሲበላ ደግሞ ሌላ ትል ይጨምራል። እርጉዝ ሴት ላይ ሲሆን ነገሩ የከፋ ነው። ደሟ አስቀድሞ ያነሰ እናት በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት መቋቋም ያቅታታል። የሚወለደውም ሕፃን ክብደቱ ሊያንስ ይችላል።

ወስፋት ደግሞ የልጁን ምግብ ይሻማል። የበላው አይታይበትም፤ ዕድገቱ ይጓተታል። ትሎቹ ሲበዙ ተጠላልፈው አንጀት ሊዘጉ ይችላሉ። የልጁ ሆድ ተነፍቶ በኃይል ካመመው፣ ካስታወከውና ዐይነ ምድር ከከለከለው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በክፍል ውስጥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ራሱን ዴስክ ላይ የሚያስደግፍ ልጅ አይጠፋም። ትናንት የተማረውን ዛሬ ይረሳል። ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ እሱ ጥላ ሥር ይቀመጣል። «ሰነፍ ነው» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ልጁ ትምህርት የጠላ ሳይሆን ደም ያነሰው ሊሆን ይችላል። ከመቆጣት በፊት ማስመርመር ይቀድማል።

መድኃኒቱ

የምሥራች አለ። ለእነዚህ ትሎች መድኃኒት አለ። አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ይባላል። አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ወይም ሜቤንዳዞል 500 ሚሊ ግራም አንድ ፍሬ ይበቃል። ጅራፍ ትል ግን በአንድ ፍሬ ብቻ ሁልጊዜ አይጠፋም። ያን ጊዜ የጤና ባለሙያ ይጨምራል። በሀገራችን በትምህርት ቤቶች በኩል ለልጆች የትል መድኃኒት የሚሰጥበት ብሔራዊ ፕሮግራም በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም መምህሩ «ነገ ለልጆች መድኃኒት ይሰጣል» ሲሉ ልጃችሁን ከብት ጥበቃ አትላኩት።

«ልጄ መድኃኒቱን ወስዶ ትል አወጣ፤ መድኃኒቱ ትል ፈጠረበት» የሚል ወሬ ይሰማል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ትሉ አስቀድሞ ነበረ፤ መድኃኒቱ አስወጣው። ትንሽ ሆድ ቁርጠት ወይም ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ ወዲያው ያልፋል። ለሕፃናት መጠኑ ስለሚለይ ባለሙያ ይስጣቸው። እንዳያንቃቸውም ፍሬው ተፈጭቶ በውሃ ይሰጣቸዋል። እርግዝናዋ ገና 3 ወር ያልሞላት ሴት መድኃኒቱን አትውሰድ። ከዚያም በኋላ ቢሆን የጤና ባለሙያ ሳታማክር አትጀምር።

አሁን እናንተ ቁጥር ማንበብ ችላችኋል። መድኃኒት ስትቀበሉ ማሸጊያውን አገላብጣችሁ እዩ። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ቢሆንም ቁጥሩ ያው የምታውቁት ነው። 400 ወይም 500 የሚል ይኖራል። ጊዜው የሚያልፍበት ወርና ዓመትም አለ። ዓመቱ የአውሮፓውያን ነው፤ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። ካልገባችሁ «ጊዜው አላለፈበትም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

መድኃኒቱ ብቻ ለምን አይበቃም?

መድኃኒቱ ሆድ ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል። አፈር ውስጥ ያለውን እንቁላል ግን አይነካውም። ልጁ ዛሬ መድኃኒት ወስዶ ነገ እዚያው አፈር ላይ ቢጫወት በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ይያዛል። አረምን ከላይ ማጨድና ከሥሩ መንቀል አንድ አይደለም። የታጨደው አረም ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል። ይህን ገበሬ ለገበሬ መንገር አያስፈልግም። መድኃኒቱ ማጨድ ነው። ከሥሩ መንቀል የሚከተሉትን አራት ሥራዎች መሥራት ነው።

አራቱ ሥራዎች

1. ሽንት ቤት መቆፈር። ጉድጓዱ ጥልቀቱ 3 ሜትር ያህል ይሁን። አፈሩ የሚናድ ከሆነ በእንጨት ወይም በድንጋይ ይደገፍ፤ ቆፋሪው ብቻውን አይግባ። ከምንጭና ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውሃው በታች በኩል እንጂ በላይ በኩል አይቆፈር። ወለሉ በእንጨትና በጭቃ ይመረግ። ለቀዳዳው ክዳን አብጁለት። ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። «የሕፃን ዐይነ ምድር ምን አለበት?» ብለን ጓሮ እንጥላለን። ብዙ ጊዜ ትል የሚበዛባቸው ልጆች ናቸው። የልጅም ዐይነ ምድር ሽንት ቤት ይግባ።

2. እጅ መታጠብ። ከሽንት ቤት በኋላ፣ ልጅ ካጸዱ በኋላ፣ ሊጥ ከመንካት በፊት፣ ከመብላትና ልጅ ከማጉረስ በፊት መታጠብ ነው። ሳሙና ከሌለ ንጹሕ አመድ ይሠራል። ውሃ ማንቆርቆር ብቻውን በቂ አይደለም፤ መፈተግ ያስፈልጋል። ትንሽ ጀሪካን ብሱና ከሽንት ቤቱ አጠገብ ስቀሉ። የልጆችን ጥፍር በየሳምንቱ ቁረጡ።

3. ጫማ ማድረግ። በረባሶም ይሁን ኮንጎ፣ እግር ከአፈር ጋር እንዳይነካካ የሚከላከል ሁሉ ይጠቅማል። ጫማ ለገበያና ለበዓል ብቻ አይደለም። ጓሮ ስትኮተኩቱ፣ ቡና ሥር ስትለቅሙ፣ ውሃ ስትቀዱ አድርጉት። ልጅ በእግሩ መዳህ ሲጀምር ምንጣፍ ወይም ሰሌን አንጥፉለት። ቀይ የሸክላ አፈር ባለባቸው ደጋማ አካባቢዎች ጫማ ሌላም ጥቅም አለው። በባዶ እግር ለረጅም ዓመታት ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት ይከላከላል። ያ እብጠት የትል በሽታ አይደለም፤ መከላከያው ግን ያው ጫማ ነው።

4. ምግብን መጠበቅ። በጥሬው የሚበላውን ሁሉ፣ ካሮቱን፣ ሰላጣውን፣ ቲማቲሙን፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ። የሚላጠውን ላጡ። የሚቀቀለውን በደንብ ቀቅሉ፤ እንቁላሉ ሙቀት አይችልም። የከብት ፍግ ለጓሮ አትክልት መልካም ነው። የሰው ዐይነ ምድር ግን እንዲሁ ጎመን ሥር አይደፋ።

የእኔ ሽንት ቤት፣ የጎረቤቴ ሜዳ

«እኔ ቆፍሬአለሁ፤ ጎረቤቴ ካልቆፈረ ራሱ ያውቃል» የሚል አለ። ጎርፍ ግን አጥር አያውቅም። ከላይ ያለው ሰው ሜዳ ላይ ቢጸዳዳ ዝናቡ ጠርጎ ከታች ላለው ጓሮ ያደርሰዋል። ልጆቻችንም አብረው ነው የሚጫወቱት። ስለዚህ ይህ ሥራ የአንድ ቤት ሥራ አይደለም። አቅመ ደካማ ለሆኑ አሮጊትና ሽማግሌ በደቦ ቆፍሩላቸው። በደቦ እናጭዳለን፤ በደቦ ቤት እንሠራለን። ሽንት ቤትስ በደቦ ቢቆፈር ምን ይከፋል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ?

«ከጥንት የኖረ ነገር እንዴት ይጠፋል?» አትበሉ። ደቡብ ኮሪያን እንመልከት። እዚያ ገበሬው የሰው ዐይነ ምድር ለማሳ ማዳበሪያ ያደርግ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 በተደረገ ምርመራ ከ100 ሰው 84ቱ በትል የተያዘ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ምን አደረጉ? ተማሪዎችን በዓመት 2 ጊዜ እየመረመሩ መድኃኒት ሰጡ። ሽንት ቤት አሻሻሉ። የሰው ዐይነ ምድር ለማሳ መጠቀምን ተዉ። በ1997 በተደረገው ምርመራ ወስፋት የተገኘበት ሰው ከ1,000 አንድ እንኳ አልደረሰም። ይህ የሆነው በ26 ዓመት ውስጥ ነው። ማለትም በአንድ ትውልድ ዕድሜ። መድኃኒቱንና ንጽሕናውን አንድ ላይ ይዘው ሠሩ፤ ውጤቱንም አገኙ።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ጠዋት አንድ ሥራ ሥሩ። ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ከአጥሩ ሥር፣ ከእንሰቱ ወይም ከቡናው ጥላ ሥር ምን አለ? ልጆች የሚጫወቱት የት ነው? ውሃው ከየት ወደየት ይፈሳል? ያያችሁትን ደብተራችሁ ላይ በ3 መስመር ጻፉና ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የጉድጓዱን ቦታ በዚያው ቀን ምረጡ።

ደኅና ሁኑ፤ ለሚቀጥለው ትምህርት ያገናኘን።

የቃላት ትርጉም

እጭ – ከእንቁላል የተፈለፈለ፣ ገና ያላደገ ትንሽ ትል
ዐይነ ምድር – ሰው ሲጸዳዳ የሚወጣ፤ ሰገራ
ሚሊ ሊትር – የፈሳሽ መለኪያ፤ 1,000 ሚሊ ሊትር 1 ሊትር ይሆናል
የደም ማነስ – በሰውነት ውስጥ ደም ከሚገባው በታች ሲሆን የሚመጣ ድካም
ኮንጎ – የላስቲክ ጫማ
በረባሶ – ከመኪና ጎማ የሚሠራ ክፍት ጫማ

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ትል ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበት ድልድይ ምንድን ነው?
2. መንጠቆ ትል ወደ ሰው የሚገባው በየት በኩል ነው?
3. በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ 50 መንጠቆ ትሎች ቢኖሩ በአንድ ወር ስንት ሚሊ ሊትር ደም ያጠፋሉ? አስሉ።
4. መድኃኒት የወሰደ ልጅ ለምን እንደገና ይያዛል?
5. በመንደራችሁ ሽንት ቤት የሌለው ስንት ቤት ነው? በደቦ ለመቆፈር ከማን ቤት ትጀምራላችሁ?